ኮሚት ከብራንች ወደ ብራንች ሲቀዳ ግጭት ቢነሳ የቱ መንገድ ይሻላል?

አንድ የሐዋሳ ቡድን ለሐይቅ ዳር ሆቴሎችና ሎጆች የክፍል ማስያዣ ሲስተም ይሠራል እንበል። ሆቴሎቹ ዛሬ የሚጠቀሙበት ኮድ ያለው «ሪሊዝ-2» በሚባል ብራንች (ራሱን የቻለ የኮድ መስመር) ላይ ነው፤ አዲሱ ሥራ ደግሞ «ሜን» ላይ ይቀጥላል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ስልኮች መጡ፤ የማስያዣ ፎርሙ ግን የሚቀበለው 09ን ብቻ ነው። ጥገናው ሜን ላይ ተሠርቶ ኮሚት ተደረገ፤ ማለትም ለውጡ በኮዱ ታሪክ ውስጥ ተመዘገበ። እንግዳ መቀበያ ላይ ለተቀመጠው ሠራተኛ ግን ጥገናው የሚያስፈልገው ዛሬ ነው። ስለዚህ ያ ኮሚት ብቻውን ተነጥሎ ወደ ሪሊዝ-2 መቀዳት አለበት። የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ፕሮግራም በጊት ላይ ይህንን የሚያደርገው «ጊት ቼሪ-ፒክ» ይታዘዛል፤ ጊትም ግጭት አለ፣ የቱን ወገን እንደምይዝ መወሰን አልቻልኩም ብሎ ይቆማል።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ሁለት መውጫ ነው፦ ጊት ፋይሉ ውስጥ የሚጽፋቸውን የግጭት ምልክቶች በእጅ እያጸዱ ማስተካከል፣ ወይም የአንዱን ወገን እንዳለ መቀበል። መንገዱ ግን ከዚያ ይበዛል። ቼሪ-ፒኩን አቋርጦ የጎደለውን ኮሚት ቀድሞ ማምጣት ይቻላል፤ ጥገናውን አሮጌው ብራንች ላይ እንደ አዲስ መጻፍ ይቻላል፤ ቼሪ-ፒክን ጭራሽ ትቶ በመርጅ (ብራንቾቹን በማዋሐድ) መሄድም ይቻላል። የቱ እንደሚሻል የሚታወቀው ግጭቱ ከምን እንደመጣ ከተጣራ በኋላ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላው ስህተትም ይህንን ሳያጣሩ ማስተካከል መጀመር ነው።

ትዕዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት። የፊደል መጠን ለውጥ የሚያመጣበት ቦታ ላይ ስሞል ወይም ካፒታል ብለን ለይተናል።

ጊት በትክክል የሚያነጻጽረው ምንን ከምን ጋር ነው

ቼሪ-ፒክ ኮሚቱን እንደ ወረቀት ፎቶ ኮፒ አያነሳም፤ የሚሠራው ባለ ሦስት ወገን መርጅ ነው። አንዱ ወገን አሁን የቆማችሁበት ብራንች ጫፍ ነው፤ በምሳሌያችን ሪሊዝ-2። ሌላው ወገን የሚቀዳው ኮሚት ነው። መነሻ ሆኖ የሚያገለግለው ሦስተኛው ደግሞ የዚያ ኮሚት ወላጅ ነው፤ ማለትም ሜን ላይ ከእሱ በፊት የነበረው ሁኔታ።

ብዙ ግራ መጋባት የሚመነጨው መነሻው የሜን ወላጅ ከመሆኑ ነው። ሜን ላይ ባለፉት ወራት የተጨመረው ነገር ሁሉ መነሻው ውስጥ አለ፤ ሪሊዝ-2 ላይ ግን የለም። ጊት ይህንን ሲያይ «ሪሊዝ-2 ይህን ሁሉ አጥፍቷል» ብሎ ይቆጥራል። ኮሚቱ የነካው አንድ መስመር ሆኖ ሳለ ግጭቱ ሠላሳ መስመር የሚሆነው፣ ማንም ያልሰረዘው ፋይልም በእኛ ወገን እንደተሰረዘ ተደርጎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መነሻው እንዲታይ ማድረግ ነው። ጊት እንደመጣ የሚያሳየው ሁለቱን ወገኖች ብቻ ነው፦ ከ<<<<<<< በታች የእናንተን፣ ከ======= በታች የሚመጣውን፣ መዝጊያውም >>>>>>>። ይህንን አንድ ጊዜ ካስገባችሁ መሐሉ ላይ ||||||| በሚል ምልክት ሥር መነሻውም ይመጣል፦

ጊት ኮንፊግ --ግሎባል መርጅ.ኮንፍሊክትስታይል ዚዲፍ3

ዚዲፍ3 የመጣው እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በወጣው በጊት 2.35 ነው፤ ከዚያ በፊት የወጣ ስሪት ካላችሁ «ዲፍ3» በሉት። ግጭት ውስጥ ገብታችሁ ከሆነም «ጊት ቼክአውት --ኮንፍሊክት=ዲፍ3» ብላችሁ የፋይሉን ስም ብታስከትሉ ምልክቶቹን ከነመነሻው እንደገና ይጽፋቸዋል። ያ ፋይል ላይ እስካሁን በእጅ ያስተካከላችሁት ግን ይጠፋል፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት አድርጉት።

ግጭቱ ከየት መጣ?

ሁለት ትዕዛዞች ይበቃሉ። በእነሱ ውስጥ «ሄድ» አሁን የቆማችሁበት ኮሚት፣ «ቼሪ_ፒክ_ሄድ» ደግሞ የሚቀዳው ነው፤ ሁለቱም በካፒታል ይጻፋሉ። «ጊት ሾው ቼሪ_ፒክ_ሄድ» የሚቀዳው ኮሚት በራሱ ምን እንደቀየረ ያሳያል፤ ግጭቱ ሠላሳ መስመር ቢሆንም እዚህ ላይ እውነተኛው ለውጥ ሁለት መስመር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛው ትዕዛዝ ይህ ነው፦

ጊት ሎግ --ዋንላይን ሄድ..ቼሪ_ፒክ_ሄድ -- የፋይሉ ስም

ይህ ያንን ፋይል ከነኩት ኮሚቶች መሐል ሜን ላይ ኖረው ሪሊዝ-2 ላይ የሌሉትን ይዘረዝራል። የሚቀዳው ኮሚት ራሱ ከላይ ይመጣል፤ የሚፈለገው ከእሱ በታች ያለው ነው። ከታች አንድ ወይም ሁለት ኮሚት ብቻ ካለና ጥገናው የቆመው በእነሱ ላይ ከሆነ፣ ችግሩ የጎደለ ቀዳሚ ነው። ዝርዝሩ ረጅም ከሆነ ሁለቱ ብራንቾች በጣም ተራርቀዋል ማለት ነው፤ ያኔ ጥገናውን አሮጌው ላይ እንደገና መጻፍ ይቀላል። ዝርዝሩ ውስጥ «ኮዱን ፎርማት ማድረግ» የሚል ኮሚት ካለ ደግሞ ግጭቱ ጫጫታ፣ ማለትም የአቀማመጥ ልዩነት ብቻ፣ ሊሆን ይችላል።

የጎደለውን አምጡ ወይስ ጥገናውን እንደገና ጻፉ?

የስልክ ቁጥሩን ምሳሌ እንቀጥል። ሪሊዝ-2 ላይ ቁጥሩ የሚጣራው እዚያው ፎርሙ ኮድ ውስጥ ነው። ሜን ላይ ግን ከሁለት ወር በፊት ማጣሪያው ወጥቶ «ስልክ_ማጣሪያ» የሚባል የራሱ ፋይል ተሰጥቶታል። የ07 ጥገና የነካው ይህንን አዲስ ፋይል ብቻ ነው። ቼሪ-ፒክ ስታደርጉ «ጊት ስታተስ» ፋይሉን «በእኛ ተሰርዟል» ከሚለው ክፍል ያስቀምጠዋል። ማንም አልሰረዘውም፤ ሪሊዝ-2 ላይ መቼም ኖሮ አያውቅም።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ግጭት ጊት የሚመጣውን ፋይል ሙሉ በሙሉ ፎልደሩ ውስጥ ይተወዋል። አንድ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ምንም የግጭት ምልክት ሳያይ ሲቀር «ጊት አድ» ብሎ (ፋይሉ ተፈትቷል ብሎ አስመዝግቦ) ይቀጥላል። ግጭቱ ያልቃል፣ ቢልዱ ያልፋል፣ ቴስቱም አይወድቅም። ፎርሙ ግን አዲሱን ፋይል የሚጠራበት መስመር የለውም፤ አሁንም የሚሠራው በራሱ አሮጌ ማጣሪያ ነው። 07 እንደበፊቱ ይመለሳል፤ በሪፖው (በኮድ ማከማቻው) ታሪክ ውስጥ ግን «ተስተካክሏል» የሚል ኮሚት ተቀምጧል። ከግጭት ስህተቶች ሁሉ እንዲህ ዓይነቱን አጥብቀን እንፈራዋለን፤ ማንም ሳያየው ደንበኛው ዘንድ ይደርሳልና።

ሁለት ትክክለኛ መንገዶች አሉ። አንደኛው ማጣሪያውን ወደ ራሱ ፋይል ያወጣውን ኮሚትም ማምጣት ነው። «ጊት ቼሪ-ፒክ --አቦርት» ብላችሁ ወደ ነበራችሁበት ተመለሱ፤ ከዚያ ቀዳሚውን አስቀድማችሁ ሁለቱንም በአንድ ትዕዛዝ በቅደም ተከተል ጥሩ። ኮሚቶቹ የሚገቡት በጻፋችኋቸው ተራ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ያው ግጭት ይመለሳል። በተከታታይ ያሉ ብዙ ኮሚቶች ከሆኑ ደግሞ «ሀ..ለ» የሚለው አጻጻፍ ሀን ራሱን እንደማይጨምር አስታውሱ፤ ሀም እንዲገባ «ሀ~1..ለ» በሉ። በካሬት (^) ምልክት የሚጽፉም አሉ፤ የዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት ግን ካሬትን ለራሱ ስለሚጠቀምበት ትዕዛዙ ይበላሻል።

ሁለተኛው መንገድ ጥገናውን ሪሊዝ-2 ላይ መጻፍ ነው። «ጊት አርኤም» ብላችሁ የመጣውን ፋይል አስወጡ፤ የፎርሙን ኮድ ከፍታችሁ 09 የሚለውን ማጣሪያ 07ንም እንዲቀበል አድርጉ፤ የነካችሁትን ፋይል «ጊት አድ»፣ ከዚያ «ጊት ቼሪ-ፒክ --ኮንቲንዩ»። እንዲህ ሲጠናቀቅ የመጀመሪያው ጸሐፊ ስምና የኮሚቱ መልእክት ተጠብቀው ይቀጥላሉ።

የትኛው? መለያው መስመር ቀዳሚው ኮሚት ከራሱ ጋር የሚያመጣው ነገር ነው። ኮዱን ከቦታ ቦታ ብቻ ያዛወረና ቴስት ያለው ከሆነ አምጡት፤ ሁለቱ ብራንቾች ይቀራረባሉ፣ ቀጣዩ ጥገናም ያለ ግጭት ይገባል። የዳታቤዝ ለውጥ፣ አዲስ ላይብረሪ ወይም ደንበኛው የሚያየው አዲስ ነገር ካለበት ግን አታምጡት። ጥገናው ከአሥር መስመር የማይበልጥ ከሆነ መልሶ መጻፉ ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው።

በእጅ ማስተካከል፦ ቀዳሚ ምርጫ የሚሆንበት ጊዜ

ሁለቱ ወገኖች እውነተኛ ለውጥ አንድ ቦታ ላይ ካደረጉ ከእጅ የሚያመልጥ መንገድ የለም። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ መሐሉን (መነሻውን) ከታችኛው (ከሚመጣው) ጋር አነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ኮሚቱ ያመጣው ለውጥ ነው። ያንን ልዩነት ብቻ ወስዳችሁ ላይኛው (የእናንተው) ላይ አሳርፉ። ታችኛውን እንዳለ አትውሰዱ፤ መሐሉና ታችኛው የሚጋሩት ነገር ሁሉ የሜን ንብረት እንጂ የኮሚቱ አይደለም።

ለዚህ የክልሎች ዝርዝር ጥሩ መለማመጃ ነው። ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው፤ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ኅዳር፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2015 ነሐሴ ተከተሉ። የማስያዣ ፎርሙ የክልል ምርጫ ያለው ከሆነ ይህ ፋይል በየጊዜው ይነካል። ሪሊዝ-2 ላይ አንዱ «ማዕከላዊ ኢትዮጵያ»ን ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ጨመረ፤ ሜን ላይ ሌላው «ደቡብ ኢትዮጵያ»ን እዚያው ቦታ ጨመረ። ጊት የቱ ይቅደም ብሎ መወሰን ስለማይችል ይቆማል። እዚህ ላይ መልሱ ሁለቱንም ማቆየት ነው፤ ቪኤስ ኮድ በሚባለው የኮድ መጻፊያ ላይ «ሁለቱንም ተቀበል» የሚለው ቁልፍ ይህንን ያደርጋል። ፋይሉ ጄሰን (ዳታ በኮማ እየተለየ የሚጻፍበት ዓይነት) ከሆነ ግን ሁለቱ መስመሮች መሐል ኮማ መኖሩን፣ ከመጨረሻውም በኋላ አለመኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ያው ኮሚት «ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» የሚለውን መስመር ሰርዞት ከሆነና ሪሊዝ-2 ላይ ደግሞ የመስመሩ አጻጻፍ ተስተካክሎ ከሆነ ሌላ ግጭት ይነሳል። ይሄኛው በጊት አይፈታም። ዳታቤዙ ውስጥ ያንን ክልል የሚጠቅሱ የቆዩ የእንግዳ መዝገቦች አሉ? ካሉ መስመሩ ከምርጫው ይደበቃል እንጂ አይጠፋም። የሚጠየቀው ዳታውን የሚያውቀው ሰው ነው፤ ግጭቱን የሚፈታው ሰው በግምት መወሰን የለበትም።

እንዲህ ያሉ መስመር በመስመር የሚያድጉ ፋይሎች ሁልጊዜ የሚጋጩ ከሆነ በ.ጊትአትሪቢውትስ ፋይል ውስጥ ለእነሱ ብቻ «መርጅ=ዩኒየን» ማድረግ ይቻላል፤ ጊት ሁለቱንም ወገን ያለ ጥያቄ ያቆያል። ለለውጥ ማስታወሻ ፋይል ይስማማል። ለጄሰን አይሆንም፤ ኮማው ይበላሻል፣ የተሰረዘ መስመርም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

የአንዱን ወገን እንዳለ መውሰድ

ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው፤ አደገኛውም። ሦስት ነገሮች ተለይተው መታወቅ አለባቸው።

በመጀመሪያ ስያሜው። በቼሪ-ፒክ ጊዜ «አወርስ» ማለት የቆማችሁበት ብራንች ነው፣ «ዜርስ» ማለት የሚመጣው ኮሚት ነው። በሪቤዝ (ኮሚቶችን በሌላ መሠረት ላይ እንደገና በማሳረፍ) ጊዜ ግን ይገለበጣል፤ «አወርስ» የምትሄዱበት መሠረት ይሆናል፣ የራሳችሁ ሥራ ደግሞ «ዜርስ»። ሁለቱን በአንድ ቀን የሚሠራ ሰው የራሱን ሥራ በራሱ እጅ የሚሰርዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ «ጊት ቼክአውት --ዜርስ» ከፋይል ስም ጋር ሲታዘዝ የሚወስደው የተጋጨውን ክፍል ብቻ አይደለም፤ ፋይሉን በሙሉ ከሜን ያመጣዋል። ያልተጋጩት የሪሊዝ-2 ለውጦች ድምፅ ሳያሰሙ ይጠፋሉ፤ ለደንበኛ ያልደረሰው የሜን ሥራም ይገባል። በአንጻሩ ቼሪ-ፒክ ሲጀመር የሚሰጠው ካፒታል «-ኤክስ ዜርስ» የሚነካው የተጋጩትን ክፍሎች ብቻ ነው። ይሻላል፤ ግን እሱም ቢሆን በተጋጨው ክፍል ውስጥ የሚመጣው የሜን ጎረቤት ኮድ አብሮ ይገባል። ሪሊዝ-2 ላይ የሌለ ፈንክሽን የሚጠራ መስመር ቢኖር በፓይተን ወይም በጃቫስክሪፕት የሚታወቀው ያ መስመር ሲሮጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ስሞል «-ኤክስ» ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። እሱ የኮሚቱ መልእክት መጨረሻ ላይ ከየትኛው ኮሚት እንደተቀዳ የሚናገር መስመር ይጨምራል። ለሕዝብ ወይም ለቡድን በሚጋራ ብራንች ላይ ሁልጊዜ ተጠቀሙበት።

ታዲያ አንዱን ወገን መውሰድ መቼ ይገባል? ፋይሉ በማሽን የሚመረት ሲሆን። የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎችን የሚያስገባው የኤንፒኤም «ፓኬጅ-ሎክ» ፋይል ሲጋጭ መስመሮቹን በእጅ መፍታት ከንቱ ድካም ነው፤ «አወርስ» ውሰዱ፣ የ«ፓኬጅ» ፋይሉን ግጭት በጥንቃቄ ፍቱ፣ ከዚያ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ብላችሁ ሎኩን ራሱ እንዲያድሰው አድርጉ። ከኮድ ተቀናብረው የሚወጡ የሲኤስኤስና የጃቫስክሪፕት ፋይሎችም እንዲሁ፤ አንዱን ወስዳችሁ እንደገና ቢልድ አድርጉ።

ጫጫታ ብቻ የሆነ ግጭት

ሜን ላይ ፎርማተር (የኮድ አቀማመጥን በራሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም) ከሮጠ በኋላ የሚመጣ ኮሚት ብዙ ጊዜ ይጋጫል። ልዩነቱ ክፍት ቦታ ብቻ ከሆነ ካፒታል «-ኤክስ ኢግኖር-ስፔስ-ቼንጅ» ይበቃል። ፎርማተሩ መስመር የሚሰብርና የሚያዋህድ ከሆነ ግን ይህ አይረዳም። የሚሠራው ዘዴ ያንኑ ፎርማተር፣ በዚያው ስሪትና በዚያው ማስተካከያ፣ ሪሊዝ-2 ላይ ለብቻው ኮሚት አድርጎ ማስሮጥ ነው፤ ከዚያ ቼሪ-ፒኩ ብዙ ጊዜ በንጹሕ ይገባል።

ዊንዶውስና ሊኑክስ ተቀላቅለው በሚሠሩበት ቡድን የመስመር መጨረሻ ምልክት ሙሉ ፋይሉን የተቀየረ ያስመስለዋል። .ጊትአትሪቢውትስ ውስጥ «* ቴክስት=አውቶ» ማስገባትና ቼሪ-ፒኩን ካፒታል «-ኤክስ ሪኖርማላይዝ» ጨምሮ ማዘዝ ያቃልለዋል።

የአማርኛ ጽሑፍ ያለባቸው ፋይሎች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አንዱ ብራንች ላይ «ሀዋሳ» የነበረው ሌላው ላይ «ሐዋሳ» ተብሎ በጅምላ ከተቀየረ፣ ወይም ሰና ሠ ከተለዋወጡ፣ የትርጉም ፋይሉ በሙሉ ይጋጫል፤ በዓይን ደግሞ ልዩነቱ አይያዝም። «ጊት ዲፍ --ዎርድ-ዲፍ» ከመስመር ይልቅ ቃል በቃል ስለሚያሳይ ቶሎ ይለያል። ዘላቂው መፍትሔ ቡድኑ አንድ አጻጻፍ ወስኖ በሁሉም ብራንች ላይ ማስተካከሉ ነው። ጊት የአማርኛ ፋይልን «ባይነሪ ነው፣ መርጅ አላደርግም» ካለ ደግሞ ፋይሉ ዩቲኤፍ-16 በሚባለው የፊደል ኮድ ተቀምጦ ይሆናል፤ ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይሩት። የፋይል ስሞች በአማርኛ ሆነው በቁጥርና በጭረት ተሞልተው ከታዩ «ኮር.ኮትፓዝ»ን «ፎልስ» ማድረግ ይበቃል።

ጊት ጭራሽ የማያየው ግጭትም አለ። በጃንጎ (የፓይተን የድረ-ገጽ መሥሪያ) ሁለት ብራንቾች ላይ በአንድ ተራ ቁጥር የሚጀምሩ ሁለት የተለያዩ ማይግሬሽኖች (የዳታቤዝ ለውጥ ፋይሎች) ቢኖሩ ፋይሎቹ ስማቸው ስለሚለያይ ጊት በሰላም ያስገባቸዋል፤ ጃንጎ ግን «ማይግሬት» ሲታዘዝ ይቆማል። የሚቀዳው ኮሚት ማይግሬሽን ካለበት ጥገኛ የሆነበት ማይግሬሽን ሪሊዝ-2 ላይ መኖሩን ፋይሉን ከፍታችሁ አንብቡ።

ቼሪ-ፒክን ትቶ በመርጅ መሄድ

አንድ ጥገና ለሁለት ብራንች እንደሚያስፈልግ ከመጀመሪያው ከታወቀ ጨርሶ ባትቀዱት ይመረጣል። የጊት ፕሮጀክት ራሱ በሥራ አካሄድ ሰነዱ ላይ የሚመክረው ጥገናን በሚያስፈልግበት በጣም አሮጌ ብራንች ላይ ሠርቶ ወደ ላይ ወደ አዲሱ መርጅ ማድረግን ነው። የሊኑክስ ከርነል የተረጋጉ ስሪቶች በተቃራኒው ይሄዳሉ፤ ጥገናው መጀመሪያ ዋናው ላይ ይገባል፣ ከዚያ የመነሻው ኮሚት መለያ መልእክቱ ላይ ተጽፎ ወደ አሮጌዎቹ ይቀዳል።

ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ወደ ላይ መርጅ ማድረግ የሚያዋጣው አሮጌው ብራንች ላይ ያለው ሁሉ አዲሱም ላይ የሚፈለግ ሲሆን ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሰው ላለውና አንድ ሪሊዝ ብቻ ለሚጠብቅ ቡድን ይህንን እንመርጣለን፤ ኮሚቱ በሁለቱም ብራንች ላይ አንድና ያው ስለሚሆን ጊት ማን ምን እንደያዘ በትክክል ያውቃል። ቼሪ-ፒክ ግን መንትያ ኮሚት ይፈጥራል። በኋላ ሁለቱ ብራንቾች ሲዋሐዱ መንትዮቹ ካልተነኩ ችግር የለም፤ አንደኛው ከዚያ በኋላ ተሻሽሎ ከሆነ ግን ግጭቱ እንደ አዲስ ይነሳል።

መካከለኛ መንገድም አለ፤ ያልተዘመረለት ነው። «ጊት መርጅ-ቤዝ ሜን ሪሊዝ-2» ሁለቱ የተለያዩበትን ነጥብ ይነግራችኋል። ከዚያ ነጥብ አጭር ብራንች አውጡ፣ ጥገናውን እዚያ ሠርታችሁ ወደ ሁለቱም መርጅ አድርጉ። ጥገናው ሜን ላይ ኮሚት ተደርጎና ተልኮ ካለቀ ግን ለዚህ ረፍዷል፤ ቼሪ-ፒክ ነው።

የአንድ ሰው ፊቸር ብራንች (አዲስ ሥራ ለብቻው የሚሠራበት) ሙሉ በሙሉ መሠረቱን ወደ ሪሊዝ-2 መቀየር ካለበት «ጊት ሪቤዝ --ኦንቱ ሪሊዝ-2 ሜን ፊቸር» ይሻላል። ይህ ብራንቹን ራሱን ያንቀሳቅሰዋል፤ አሮጌው ቦታ ላይም እንዲቆይ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ሌላ ስም ያለው ብራንች አውጡበት።

የሚቀዳው ራሱ የመርጅ ኮሚት ከሆነ ጊት የቱን ወላጅ መነሻ ላድርግ ብሎ እምቢ ይላል፤ ስሞል «-ኤም 1» ስትሰጡት የመጀመሪያውን ወላጅ፣ ማለትም መርጁ የተደረገበትን ብራንች፣ ይይዛል። ይቻላል እንጂ የመርጁ ሥራ ሁሉ አንድ ትልቅ ለውጥ ሆኖ ስለሚመጣ ግጭቱ ይከብዳል፤ ውስጡ ያሉትን ኮሚቶች አንድ በአንድ መቅዳት ይሻላል።

ያው ግጭት ሦስት ጊዜ ሲመለስ

ሪሊዝ-1፣ ሪሊዝ-2 እና ሪሊዝ-3 ያለው ቡድን አንዱን ጥገና ሦስት ቦታ ሲያስገባ አንድ ዓይነት ግጭት ደጋግሞ ይፈታል። «ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ሪሪሪ.ኢነብልድ ትሩ» ካላችሁ ጊት አንዴ የፈታችሁትን መዝግቦ ያው ሲመጣ ራሱ ይሞላዋል። ፋይሉን ግን በራሱ «አድ» አያደርገውም፤ ያንን ማብራት ይቻላል፣ አታብሩት። የሞላውን አንብባችሁ ብታስገቡ ይሻላል፤ ምክንያቱም የተሳሳተ መፍትሔም እንደዚሁ በታማኝነት ይደግመዋል። ያኔ «ጊት ሪሪሪ ፎርጌት» ከፋይሉ ስም ጋር ያስረሳዋል። የተፈቱት መዝገቦች ካልተቀየረ በቀር ለ60 ቀን ይቆያሉ። የጠፋ ፋይል ግጭትን፣ ከላይ እንዳየነው የስልክ ማጣሪያ ያለውን፣ ሪሪሪ አይዝም።

ከኮንቲንዩ በፊትና በኋላ

«ጊት ዲፍ --ቼክ» የተረሱ የግጭት ምልክቶችን ያወጣል። ለኮንቲንዩ ከተዘጋጃችሁ በኋላ «ጊት ዲፍ --ካሽድ» የሚገባውን ሁሉ ያሳያል፤ ርዝመቱ ከ«ጊት ሾው ቼሪ_ፒክ_ሄድ» ጋር የማይቀራረብ ከሆነ ሌላ ነገር አብሮ ገብቷል። ከኮሚቱ በኋላ ደግሞ ዋናውንና ቅጂውን ጎን ለጎን የሚያሳየው ይህ ነው፦

ጊት ሬንጅ-ዲፍ ዋናው~1..ዋናው ሄድ~1..ሄድ

መልእክቱ ሲከፈት የስሞል «-ኤክስ» መስመር መኖሩን እዩ፤ ከሌለ በእጅ ጻፉት። ጉዳዩ ለሥርዓት ብቻ አይደለም። «ጊት ቼሪ -ቪ ሪሊዝ-2 ሜን» (ስሞል «-ቪ») ምን እንደተቀዳ የሚያውቀው የለውጡን ይዘት በማመሳከር ነው፤ በግጭት ጊዜ የተስተካከለ ኮሚት ይዘቱ ስለሚለያይ ያልተቀዳ መስሎ በመደመር ምልክት ይወጣል። ያ መስመር ብቸኛው ማስረጃ ነው።

ማስተካከያው ጨርሶ ምንም ለውጥ ካላስቀረ ጊት ኮሚቱ ባዶ ሆኗል ይላል። ጥገናው አስቀድሞ ገብቷል ማለት ከሆነ «ጊት ቼሪ-ፒክ --ስኪፕ» በሉ፤ ይህ ከጊት 2.23 ጀምሮ አለ።

መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ አትደናገጡ። ቼሪ-ፒክ ኔትወርክ አይፈልግም፤ የደረሰበትም በ.ጊት ፎልደር ውስጥ ስለተጻፈ ሴቭ ያደረጋችሁት ሁሉ አለ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ «ጊት ስታተስ» የት እንደቆማችሁ ያሳያል፤ ከዚያው ትቀጥላላችሁ። «ኢንዴክስ.ሎክ» አለ ብሎ ከከለከለ ሌላ የጊት ትዕዛዝ እየሠራ አለመሆኑን አረጋግጣችሁ ያንን አንድ ፋይል ሰርዙት።

ስህተቱ የታየው ኮሚት ከሆነ በኋላ ቢሆንስ? ገና ካልተላከ «ጊት ሪፍሎግ» ላይ ከቼሪ-ፒኩ በፊት የነበረውን ነጥብ ፈልጋችሁ «ጊት ሪሴት --ሃርድ» ወደዚያ ይመልሳል፤ ኮሚት ያልተደረገ ሥራ ካለ ግን ስለሚያጠፋው አስቀድማችሁ «ስታሽ» አድርጉ (ለጊዜው ወደ ጎን አስቀምጡት)። ተልኮ ሌሎች ከወሰዱት በኋላ «ጊት ሪቨርት»፣ ማለትም ለውጡን የሚሽር አዲስ ኮሚት፣ ብቻ ነው። ሪቨርት ከተደረገ በኋላ ያንኑ ኮሚት እንደገና ቼሪ-ፒክ ማድረግ ይቻላል፤ የተደረገ መርጅን ሪቨርት አድርጎ እንደገና መርጅ ሲሉት ግን ጊት «አለኝ» ብሎ ምንም አያመጣም፤ ያኔ ሪቨርቱን ራሱን ሪቨርት ማድረግ ያስፈልጋል።